ከብት የላሰው ግድግዳ

የአንኮበር ጉም በር አያንኳኳም። ከቆላው ይነሣና ገደሉን እየዳበሰ ይወጣል። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ጽዶች ይውጣል፤ ቀጥሎ የጎረቤትን ጣራ፤ ቀጥሎ ደጅ የተሰጣውን ልብስ። በመጨረሻ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባና ከሰው ጋር እሳት ይሞቃል። ልጅ ሳለሁ ጉም ውስጥ የሰማሁትንና ያየሁትን አሁን መለየት ይቸግረኛል። አንዳንዱን ድምፅ ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ፊቱ የለም። ስለ ጨው የምጽፈው ግን አይቼዋለሁ። በምላሴም ቀምሼዋለሁ።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር። ፊደል አስቆጥሮኝ ዳዊት መድገም እንደ ጀመርኩ ሞተ። ያገለግልበት የነበረው መሬት ለሚያገለግል ሰው ተሰጠ፤ ደንቡ እንዲያ ስለ ሆነ ማንም አልተከራከረም። ለእናቴ የቀረላት ቤቱ፣ እኅቴ፣ እኔና እንዝርቷ ነው። እናቴ ፈታይ ነበረች። የእሷን ክር የያዘ ሸማኔ ሌላ ክር ሲሰጡት ፊቱን ያጨፈግጋል ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ሌሎች ናቸው። እሷ ስለ ክሯ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ምንም ነገር ብዙ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እኛ ቤት ይመጡ ነበር። አንዷ ከእኛ በታች ያለው የቀንድ ዋንጫ ሠሪ ሚስት ናት፤ ድምፀ ትልቅ፣ ሳቋ ከሰውነቷ በፊት የሚገባ። ሁለተኛዋ ከአልዩ አምባ በኩል በአህያ ጥጥ ጭና የምትወጣ፣ የተፈተለውን ክር ይዛ የምትወርድ የአርጎባ ሴት ነበረች። እሷ የምትመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ጉሙ እስኪገልጥላት እኛ ዘንድ ታርፋለች፤ ስታርፍም እጇ ሥራ አይፈታም። ሦስቱ ምድጃውን ከበው እየፈተሉ የየቤታቸውን ጣጣ ያወጣሉ። ክሩ ሲረዝም ወሬውም ይረዝማል፤ ክሩ ሲበጠስ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ሲቀጠል ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

«ትናንት ባሌ ቀንድ ሲቀቅል መንደሩን አገማው፤» ትላለች የዋንጫ ሠሪው ሚስት። «የላይኛው ሰፈር ሰዎች የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ምን ላድርግ? አስቀመጥኳቸውና ንፍሮ አበላኋቸው። ለቅሶ የሌለበት የለቅሶ ንፍሮ!»

«አንቺስ ባልሽ ቤት አለ፤» ትላለች የአርጎባዋ ሴት። «የኔ እንደ ሆነ መንገድ ላይ ነው። አህያዋ ያለችበትን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ያለበትን አላህ ያውቃል።»

«አህያዋ ትሻልሻለች በይኛ!»

«ወላሂ ትሻላለች። ጭኜ የላክኳትን ይዛ ትመለሳለች።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እናቴ ይዞራሉ፤ ተራዋ ነውና። እናቴ ባዘቶዋን እያየች «እኛም እንዳላችሁት ነን፤» ትላለች። ያ ነው ሁሉም ነገሯ። እነሱም ለምደውት ነበርና በሷ ፈንታ እነሱ ያማርሩላት ነበር።

በዚያን ጊዜ ከራሳቸው በላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ በተጋደመው ቆጥ ላይ፣ በአሮጌ ሌማትና በጆንያ ተሸፍኖ የእናቴ አሞሌ ተደርድሮ ነበር።

ለዛሬ ሰው ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ብር የሚባለውን እኛ በእጃችን የምንይዘው አልፎ አልፎ ነበር፤ ብር የታላላቆች ነው። የእኛ ገንዘብ ከቆላው በረሃ በግመል የሚመጣው፣ ተጠርቦ በልጥ የታሰረው ረጅም የጨው ድንጋይ ነበር። አሞሌ ጫፉ ሳይሰበር፣ ጎኑ ሳይቦረቦር ከያዙት ገበያ ላይ ማንም ይቀበላል። ከተሰበረ ገንዘብነቱ ይቀርና የወጥ ጨው ይሆናል። እንደ አንኮበር ባለ አገር ደግሞ ክረምት ጨው ያልበዋል። ስለዚህ ያለው ሰው ሁሉ አሞሌውን ከምድጃ በላይ፣ ጢስ በማያጣው ቦታ ያኖረዋል። የእናቴ አሞሌዎች ከጢሱ ብዛት ጠቁረው የከሰለ ግንድ ይመስሉ ነበር። ክር በሸጠች ቁጥር ለእህል ከተረፋት አንዱን ትጨምራለች። ስትጨምር በሩን ትዘጋለች። እኅቴና እኔ እንድንናገር አልተፈቀደልንም፤ መከልከላችንን እንኳ በቃል አልነገረችንም። አይታን ነበር፣ ያ በቃን።

ጨው የሚጠራቀመው ለጊደር ነበር። ጊደሯ ለእኅቴ ናት።

እኅቴን የጠየቁት በመዘዞ በኩል ያሉ፣ ገብስና በግ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌዎቻቸው በጥር መጥተው የልጁ ወገን አንዲት ጊደር እንደሚያቆም ተናገሩ። የሰማንያ ጋብቻ ከሆነ የእኛም ወገን እኩያውን ያቆማል፤ ሁለቱ ተደምረው የባልና የሚስት ይሆናሉ። ቢለያዩ እኩል ይካፈላሉ። ማቆም ካልቻልንስ? ልጅቱ በደሞዝ ትገባለች አሉ፤ በትሕትና ነው ያሉት። በደሞዝ የገባች ሴት የተዋዋለችውን ልብስና እህል ትቀበላለች እንጂ በከብቱም በቤቱም ድርሻ የላትም።

እናቴ «እናቆማለን፤» አለች።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጡ የዋንጫ ሠሪው ሚስት እንዝርቷን ጭኗ ላይ ጣለችና «ጊደር ከየት አምጥተሽ ነው የምታቆሚው? ከክሩ ፈትለሽ?» አለቻት።

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

እኔ ሳላስበው ቀና ብዬ ቆጡን አየሁ። እኅቴ እግሬን ረገጠችኝ።

እናቴ ስለ ራሷ ቤተሰብ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ሰሞን። ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቶ የአንዱ ፊት ለሌላው በደንብ የማይታይበት ቀን ነበር፤ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል። የአርጎባዋ ሴት ስለ ልጅነቷ ስትነግረን ቆይታ ዝም እንዳለች እናቴ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ ተናገረች።

«እናቴ በደሞዝ ነው የኖረችው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሌላ ሴት ሲያመጣ ዓመቱን ቆጥሮ የሚገባትን እህል ሰፍሮ ሰጣት። እኔን አዘለች፣ እህሉን ተሸከመች፣ ወጣች። ያረባቻቸው ላሞች ስትወጣ ተከትለዋት መጡ። መልሳ አስገብታ በሩን ዘጋችባቸው።»

 የዋንጫ ሠሪው ሚስት ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች።

ነሐሴ ገባ። እናቴ ነገሩ እንዲሠምር ለእመቤታችን ተስላ ነበርና የፍልሰታን ሱባኤ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ተነሣች። እኅቴንና እኔን ይዛ ነው። ሱባኤ የሚገባ ሰው በቅጥሩ ውስጥ ከቅጠልና ከሣር በተሠራች ጎጆ ይተኛል፤ ቆሎና የራሰ ሽምብራ ይበላል፤ ከቅዳሴ ወደ ጸሎት፣ ከጸሎት ወደ ቅዳሴ ይላል። ቤቱ ተዘግቶ ይሰነብታል።

የዋንጫ ሠሪው ሚስት እስከ ደጅ ሸኘችን። እሷ አትገባም ነበር፤ «እኔ ሱባኤ ብገባ ባሌ የሚበላው አጥቶ ዋንጫውን ይበላዋል፤» ትል ነበር። «ባይሆን በሩን እየከፈትኩ እሳት ላንድልሽ? ክረምት ነው፤ ቤት ያለ ጢስ ይበሰብሳል።»

እናቴ ቆም አለች። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ እዚያ ላይ ነበር። ሴትዮይቱ ግን ቤት ብትገባ፣ እሳት ብታነድ፣ ጢሱን ተከትላ ቀና ብላ ማየቷ አይቀርም። እናቴ «ለባዶ ቤት እንጨት አታባክኚ፤» አለችና በሩን ቀረቀረች።

እነዚያን ቀናት እንደ ሕልም ነው የማስታውሳቸው። ጎጆአችን ከአባቴ መቃብር ብዙ አትርቅም። ዝናቡ ሣሩን ሲመታ፣ ቄሶቹ ውዳሴ ማርያም ሲያዜሙ፣ ድምፃቸው ከጉሙ የሚወጣ እንጂ ከሰው የሚወጣ አይመስለኝም ነበር። ረኃብ ራሴን ቀለል ያደርገዋል። አንዳንድ ማለዳ ጉሙ ከእግራችን በታች ይወርድና እኛ ደሴት ላይ እንቆማለን፤ ከታች ነጭ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ፀሐይ የወጣበት ቆላ። እኅቴ ከአጠገቤ ቆማ «የኔ ጊደር ቀይ ትሁን ወይስ ቡሬ?» ትለኛለች። እኔ ቡሬ እላለሁ። እሷ ግን ቀይ ነው የምትፈልገው። እናቴ ሰምታናለች፤ በዚያ ሱባኤ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

በፍልሰታ ዕለት ቆርበን ወረድን። ከሩቅ የዋንጫ ሠሪው ሚስት እጇን እያወናጨፈች ወደ እኛ ስትሮጥ አየን።

«እልል በይ!» አለች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «እልል በይ እቴ፤ ስለትሽ ሠምሯል! ጊደር ለመንሽ አይደል? የመንደሩ ከብት ሁሉ ቤትሽን ሲሳለም ሰነበተ!»

«ምን ሆነ?»

«ነይና እይ። ብንመልሳቸው እምቢ። የባሌ ወይፈን እንኳ ገመዱን በጥሶ መጣ። ቄሱ አይተው ‹ተአምር ነው› አሉ!»

እውነትም ከቤታችን ጀርባ ከብት ቆሞ ነበር። ላሞች፣ ወይፈን፣ ጥጆችም በእናቶቻቸው እግር መካከል። አንገታቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ይልሳሉ። ጉም መሬቱን ሸፍኖት ስለ ነበር እግራቸው አይታይም፤ በአየር ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። የምላሳቸው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጭቃው ተልሶ ጭራሮው ብቅ ብሎ ነበር። ቆንጆ ነገር ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እስካሁን ቆንጆ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

እናቴ በከብቶቹ መካከል ገባች። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን ወደ አፏ አደረገች።

 ዞራ በሩን ከፈተች። እኛም ተከተልናት። ጢስ ያጣው የጣራ ሣር ውሃ አስገብቶ ኖሮ ቆጡ ከዳር እስከ ዳር ርሷል። አሞሌዎቹ በግማሽ እንደ ነደደ ጧፍ ሆነው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቀው፣ ወገባቸው ቀጥኖ ተሰባብረዋል። ከቆጡ ሥር ጀምሮ ግድግዳው ላይ ነጭ መንገድ መንገድ ወርዷል። ግድግዳው ጠጥቶት ወደ ውጭ አሳልፎታል። እኔም እንደ እናቴ ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩ።

የዋንጫ ሠሪው ሚስት በሩ ላይ ቆማ ቆጡን አየች፣ እናቴን አየች፣ እንደገና ቆጡን አየች። እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ።

«አንቺ!» አለች በመጨረሻ። «ይህ ሁሉ ከራሴ በላይ ተቀምጦ ነው ‹እኛም እንዳላችሁት ነን› ስትዪኝ የኖርሽው? እኔ ከልጆቼ ቀንሼ ሽምብራ ሳመጣልሽ?»

እናቴ አቀርቅራ ተቀመጠች።

«አንድ ቃል ብትነግሪኝ እሳት አነድልሽ ነበር። ሌሊትም ቢሆን!»

«አውቃለሁ፤» አለች እናቴ።

ሴትዮይቱ ተቆጥታ ወጣች። በሩን እንዲጋጭ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብዙ አልቆየችም፤ ተመልሳ ገባች፤ ፍም በገል ይዛ ነበር። እየተነጫነጨች እሳቱን አነደደችልን።

በገበያ ቀን የአርጎባዋ ሴት መጣች። ነገሩን ከዋንጫ ሠሪው ሚስት አፍ ነው የሰማችው፤ ገና በደጃፋችን ሳትገባ። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየች፤ አንዱን በጥፍሯ ጫረችው።

«ገንዘብ አይደለም ከእንግዲህ፤» አለች። «ጨው ግን ነው። ለሰው ስትሰጪው ‹ሙሉ አይደለም› ይልሻል። በግ እንዲህ አይልም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ከደብረ ብርሃን ወዲህ ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች በግ እንጂ ጨው የላቸውም። ከብታቸው ሣር ብቻ ነው የሚበላ። ስባሪውን ይዘን እንውጣ፤ አህያዬ አለች።» ከዚያ ግድግዳውን ገፋ አድርጋ አየችው። «ይህንንም።»

«ግድግዳውን?»

«ከብት ጨው ያለበትን የቦሌ አፈር ለመላስ ስንት አገር ይሄዳል። ያንቺ ቦሌ ቤትሽ ላይ ተለስኗል፤ ፈቅፍቂው።»

የዋንጫ ሠሪው ሚስት ሳቀች። ከፍልሰታ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሰው ልጁን ሲድር ቤት ይቀባል፤ ይቺ ቤት ታፈርሳለች!» አለች። መፈቅፈቂያ ያመጣችው ግን እሷው ናት፤ ባሏ ቀንድ የሚፍቅበትን ስለት። አራቱ ሴቶች ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም እየፋቁ ጭቃውን በጆንያ ሞሉት። ከብቶቹ ከኋላቸው ቆመው በትዕግሥት ይመለከቱ ነበር።

እኔም አብሬ ሄድኩ። አንኮበርን ትተን ሽቅብ እንደ ወጣን ጉሙ በአንድ ጊዜ አለቀና ሜዳው ተዘረጋ። ያን ያህል ሰማይ አይቼ አላውቅም ነበር። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ጀርባውን እንደሚደባብሱት እንስሳ ይተኛል። መንደር ሳንደርስ በጎች አህያዋን ከበቧት፤ ጆንያውን እየላሱ መሄጃ ከለከሉን። ባለቤቶቻቸው እየሮጡ ሲመጡ የአርጎባዋ ሴት «ዋጋውን ከበጎቻችሁ ጋር ጨርሰናል፤ የቀረው ከናንተ ጋር ነው፤» አለቻቸው። እናቴ አልተከራከረችም፤ ያቺ ናት የተከራከረችላት። ስንመለስ ስድስት እናት በጎች እየነዳን ነበር። ጊደር አልነበረችም። እኅቴ ከደጅ ቆማ በጎቹን ተቀበለች፤ ከመካከላቸው አንዷ ቀይ ነበረች። እሷን ጆሮዋን ይዛ አየቻትና «ትሁን፤» አለች።

የቃል ኪዳኑ ዕለት የልጁ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የቆመውን ከብት አዩ። የልጁ አጎት «ጊደር የተባለው በግ ሆነ?» አለ።

 ለእናቴ የሚናገርላት የቅርብ ወንድ ዘመድ አልነበራትም። ስለዚህ ቆማ ነገረቻቸው፤ ስለ ጨው፣ ስለ ሱባኤ፣ ስለ ግድግዳው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያላትን ሁሉ፣ የት ደብቃ እንደ ነበር፣ እንዴት እንዳጣችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው የሰማት። ስትጨርስ የልጁ አባት ሳቁን መያዝ አልቻለም።

«የላሱት ላሞች የማን ናቸው?» አለ። «ዕዳው የነሱ ነው! እነሱን ነበር ማቆም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎትየው ግን አልሳቀም። «እኩል ነው ትላላችሁ ታዲያ?»

የዋንጫ ሠሪው ሚስት ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ተነሣና ገና ያልተጠጣባቸው ጥንድ ዋንጫዎች ከበጎቹ ፊት አኖረ። የአርጎባዋ ሴት ከእናቴ ክር ያስሸመነችውን ኩታ አወጣች። በዚያ ድግስ ከሥጋው አትበላም፤ የብቻዋ ማርና ቂጣ ቀርቦላት ጥግ ተቀምጣ ነበር። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ኩታውን አሳልፋ ሰጠች። የዋንጫ ሠሪው ሚስት አጎትየውን እያየች «ካልሞላ የቀረ ግድግዳ አለ፤» አለችው።

ያን ጊዜ እሱም ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ እያንዳንዱን በእጁ እየነካ፣ ምስክር እያደረገ ጠራ። «በጎቹ የልጅቱ። ዋንጫው የልጅቱ። ኩታው የልጅቱ። እኩል ነው።» እኅቴ ተሸፋፍና ነበር፤ ፊቷ አይታይም። እናቴ እየሰማች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሽማግሌው የሚለውን በስተኋላ ትደግመው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ከብት ግድግዳችንን ሊልስ ይመጣ ነበር። እናቴ በጭቃ ትለስነዋለች፤ እነሱ ያገኙታል። የዋንጫ ሠሪው ሚስት «ስለት አስገቢዎችሽ መጡ፤» ትላታለች። እናቴም እየፈተለች በጎረቤቷ ላይ ትቀልድ ጀመር፤ ትንሽ ትንሽ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። የመንደሩ ከብት በበሽታ በጥቂት ሳምንት አለቀ። ቀንዱ ብዙ ሆነ፤ ዋንጫ የሚገዛ ግን ጠፋ። የአርጎባዋ ሴት መምጣት አቆመች፤ የት እንደ ደረሰች የነገረን ሰው የለም። በዚያ ክረምት ግድግዳችንን የሚልስ አልመጣም። ምድጃው ዳር ተቀምጠን የዝናቡን ድምፅ እንሰማለን፤ ከዝናቡ ሥር የነበረው ያ ሌላ ድምፅ የለም። እህልም እየመነመነ ነበር።

አንድ ቀን ጉሙ ውስጥ የበግ ድምፅ ሰማን። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። እኅቴ ነበረች፤ ከመዘዞ ድረስ በእግሯ ሁለት በጎች እየነዳች። የባሏ ቤት ላሞች ሁሉ አልቀዋል። ከበጎቹ ያለቁም አሉ፤ የተረፉ ግን ነበሩ።

እናቴ በጎቹን አየች፤ ከዚያ እኅቴን።

«ባልሽ ፈቅዶ ነው?»

«ምኑን?» አለች እኅቴ፤ ጭቃውን ከነጠላዋ እያራገፈች። «የኔ አይደሉም እንዴ?»

 እናቴ እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሰካችና በጎቹ እንዲያልፉ ከበሩ ገለል አለች። እነሱ ግን ወደ በሩ አልመጡም። አንደኛዋ ጆሮዋን አቁማ አሸተተች፤ ዞራ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች፤ ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ጀርባ የምላስ ድምፅ ተሰማ።